ቄጠማው ከነሥሩ

ኢናስ ቄጠማውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ሳብ ስታደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ሌላውንም ሳበች፤ እሱም ወጣ። ጫፉ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ከሳምንት በፊት ከገበያ ገዝታ በኩሬዋ ጠርዝ ላይ በሰልፍ የተከለችው አንድ እስር ቄጠማ፣ ጭቃው ውስጥ እንደቆመ በስብሷል።

«ሥሩ የት አለ?» አለች ወይንእሸት ከበላይዋ ቆማ።

«የምን ሥር?»

«የቄጠማው ነዋ!» ወይንእሸት አንዱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ኢኑ፣ ይሄ እኮ የታጨደ ነው። በማጭድ ተቆርጦ የመጣ! ሣር ገዝተሽ ነው እንዴ ጭቃ ላይ የሰካሽው?»

ከዚያ በኋላማ ሳቅ ጀመረች። የወይንእሸትን ሳቅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ከተነሳባት ሆዷን ይዛ መሬት ካልተቀመጠች አይለቃትም። ኢናስ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ እሷንም ያዛት። ምን ታድርግ? የሞጣ ከተማ ልጅ ናት፤ አያቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ አባቷም ጨርቅ ነጋዴ ነው። ቄጠማን የምታውቀው ለበዓል ታስሮ በር ድረስ ሲመጣና ሳሎን ወለል ላይ ሲጎዘጎዝ ብቻ ነው። ሥር ይኑረው አይኑረው አስባበት አታውቅም።

ኩሬው ራሱ የመጣው በአያቷ መውደቅ ነው። አባባ ሐምዱ በቀን አምስት ጊዜ ጓሮ ይወርዱና፣ ዘይቱናው ሥር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለሶላት ይታጠባሉ፣ ውዱእ ያደርጋሉ። ቤት ውስጥ ቧንቧ አለ። እሳቸው ግን ያቺን ድንጋይ ነው የሚወዱት፤ አባታቸውም እሷ ላይ ነበር የሚቀመጡት። የውዱኡ ውሃ ታዲያ ወደ ጓሮው ዝቅተኛ ጥግ ይወርዳል፣ ጥጉም በጋ ከክረምት ጭቃ ነው። ባለፈው ጥር አባባ ሐምዱ እዚያ ጭቃ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። አልሃምዱሊላህ፣ አጥንታቸው አልተሰበረም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ከዘራና ያለ ሰው ትከሻ መራመድ አቃታቸው።

«በቃ» አለ አባቷ አብዱራዛቅ። «ጓሮውን በሙሉ በሲሚንቶ አስለስነዋለሁ። ድንጋይዋም ትነሳለች። አባባ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ከቧንቧው ውዱእ ያድርጉ።»

አባባ ሐምዱ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ኢናስ ግን ፊታቸውን አይታዋለች፤ ማታ ራቷንም በቅጡ አልበላችም። በማግስቱ አባቷን ሱቅ ድረስ ሄዳ ለመነችው። ጭቃው የሚመጣው ውሃው መሄጃ ስላጣ ነው አለችው። ኩሬ ብትቆፍርለት፣ ከኩሬው የተረፈውም ከሥሩ ወዳለች ትንሽ ረግረግ ቢገባ፣ ረግረጓም ላይ ውሃ የሚወድ ተክል ቢተከል፣ የቀረው ጓሮ ይደርቃል። አንድ ሰውዬ እንዲህ ሲሠራ ስልክ ላይ አይታለች።

«ቢንቢ ልታራቢልን ነው?»

«ውሃው እኮ በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል። ደግሞ እንቁራሪት ይመጣና ቢንቢውን ይበላዋል።»

«ጭራሽ እንቁራሪትም አለበት!» አለ አባቷ ሽቅብ ወደ ጣሪያው እያየ። ግን የምትለምነው አንድ ሴት ልጁ ናት። «እስከ አረፋ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አላት በመጨረሻ። «ለአረፋ አክስትሽ ዑሙሰልማ ከነቤተሰቧ ከቢቸና ትመጣለች። ያን ቀን ጓሮው ደርቆ፣ አባባ ሳይንሸራተቱ ካልተራመዱበት፣ በማግስቱ ግንበኛው ይመጣል። ሲሚንቶውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ እንዳትከራከሪኝ።»

ኢናስና ወይንእሸት መቆፈር ጀመሩ። ወይንእሸት ከመንገዱ ማዶ የምትኖር የስምንተኛ ክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ዶማ ስትይዝ ወንድ አይስተካከላትም። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ወፍራም ላስቲክ አነጠፉበት፣ በላዩ ጥቁር መረሬ አፈር ደለደሉ። ከድንጋይዋ እስከ ኩሬው በጠጠር ቦይ አበጁ። የሳሙና ውሃ እንዳይገባ የልብስ ማጠቢያውን በሌላ በኩል አስወጡት። ሁሉም አሪፍ ሆነ፣ ከአንድ ነገር በቀር። ኩሬው ሞልቶ ወደ ረግረጓ በሚፈስበት በኩል ያለው ጠርዝ አልቆም አለ። ውሃ ባለፈበት ቁጥር ይናዳል፣ ጭቃው መራመጃው ላይ ይፈሳል። በሥሩ አፈሩን ጨምድዶ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ቄጠማው የተገዛው ለዚሁ ነበር፤ እንግዲህ እሱ በስብሶ አሳቃቸው።

«ሥር ያለው የት እንደሚገኝ ነቄ ነኝ» አለች ወይንእሸት እንባዋን እየጠረገች። «እማማ ጥሩአየሁ ጋ።»

እማማ ጥሩአየሁን የሞጣ ሰው ግማሹ ያውቃቸዋል። ከከተማው በታች ምንጭ አለ፤ ከምንጩ ሥር ያለውን ረግረግ በእሾህ አጥረው ቄጠማ ያሳድጉበታል። ለፋሲካም፣ ለእንቁጣጣሽም፣ ለአረፋም፣ ለመውሊድም እያጨዱ ይሸጣሉ። የአባባ ሐምዱ የአርባ ዓመት ወዳጅ ስለሆኑ፣ በየበዓሉ የመጀመሪያዋን እስር የሚያመጡት እነ ኢናስ ቤት ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁለቱ ልጆች አካፋና ሳፋ ይዘው ወደ ረግረጉ ወረዱ። እማማ ጥሩአየሁ አልነበሩም።

«ገበያ ናቸው» አለች ወይንእሸት።

«እንጠብቃቸውና እናስፈቅድ?»

«ለሣር? ኧረ አትሸወጂ! በየበዓሉ ሙልጭ አድርገው አጭደውት መልሶ ይበቅል የለ? አራት ሥር ብንወስድ ምን ይጎድልባቸዋል?»

ለኢናስም ልክ መሰላት። ታጭዶ የሚበቅል ነገር ተቆፍሮም ይበቅላል ብላ አሰበች። መሀል ለመሀል ገብተን ጭቃ ውስጥ እንዳንሰምጥ ብለው፣ ውሃው ከረግረጉ ወደ ታች በሚወጣበት፣ አጥሩ በሚያልቅበት በኩል ቆፈሩ። እዚያ አፈሩ ደረቅ ብሎ ለእግር ይመቻል። አራት ትልልቅ ሥር ከነጭቃው አውጥተው ሳፋው ላይ ጫኑ፣ እየተቀባበሉ ተሸክመው ወጡ።

የእማማ ጥሩአየሁ ቄጠማ በኢናስ ኩሬ ጠርዝ ላይ ያዘ። በሳምንቱ አረንጓዴ ቡቃያ አወጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ጣሪያውን ቀጠቀጠው። ዝናቡ ሲያባራ ኢናስ ሮጣ ወረደች። ኩሬው ሞልቶ ይፈሳል፣ ውሃው በቄጠማው እግር መካከል እየተንሸራሸረ ወደ ረግረጓ ይገባል፣ ጠርዙ ግን አልተነቃነቀም። አባቷ በሱቅ ጫማው መጥቶ መራመጃውን በተረከዙ ደበደበው።

«ጠንክሯል» አለ፤ ማመን አልፈለገም ነበር። «ወላሂ፣ ጠንክሯል!»

በዚያው ሰሞን አንድ እንቁራሪት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። አባባ ሐምዱ ደግሞ ውዱእ አድርገው ሲጨርሱ ወዲያው መነሳት ተዉ። ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠው ውሃው በቦዩ ወርዶ ኩሬው ሲገባ ያያሉ።

«ስልሳ ዓመት ውዱእ ሳደርግ ውሃው የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም ነበር» አሏት አንድ ቀን። ኢናስ ያን ቀን በደስታ የምትሆነውን አጣች።

አረፋ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ እማማ ጥሩአየሁ መጡ። ሁለቱ ልጆች ጓሮ የቤት ሥራ እየሠሩ ነበር፣ አባባ ሐምዱም ዘይቱናው ሥር ተቀምጠዋል። እማማ የያዟት እስር ከአውራ ጣት አትበልጥም። ቄጠማውም ቢጫ ነው።

«ጋሼ ሐምዱ፣ አፈርኩ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ዘንድሮ ለአረፋ የማመጣልዎት ይቺን ነው። ለገበያም የለኝም። ረግረጉ ደረቀብኝ።»

«ምን ሆነ? ምንጩ ነጠፈ እንዴ?»

«ምንጩማ ይመነጫል፣ ውሃው ነው አልቆም ያለው። ውሃውን የሚያቁረው ጠርዝ ተንዶ፣ ያ የሐሙሱ ዝናብ ጠርጎት ሄደ። አሁን ቦይ አበጅቶ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ይወርዳል።» እማማ ጥሩአየሁ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የደምለው በሬ ነው። አጥሬን ጥሶ ገብቶ ረግጦብኝ! እሱ ግን ይምላል። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ የኖረ ሰው፣ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ሰው፣ ዓይኔን እያየ ይምላል። ይኸው ሰላምታ ካቆምን ሰነበትን።»

ኢናስ እርሳሷን አስቀመጠች። ወይንእሸት ወደ ደብተሯ አቀርቅራለች።

«እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ረግረጉ ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል። እርስዎም እንዳይቀሩብኝ ልለምን ነው የመጣሁት።»

«ኢንሻአላህ እመጣለሁ» አሉ አባባ ሐምዱ። «ኢናስ ትደግፈኛለች።»

እማማ ጥሩአየሁ ሊወጡ ሲነሱ ነው ኩሬውን ያዩት። ቀስ ብለው ቀረቡ፣ አጎነበሱ፣ ቄጠማውን ከሥር ወደ ላይ በእጃቸው ዳሰሱት።

«እናንተ ልጆች! ምን ያማረ ነገር ነው የሠራችሁት? ይህን ቄጠማ ከየት አገኛችሁት?»

«ከቢቸና ነው!» አለች ወይንእሸት፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «የኢናስ አክስት ናቸው የላኩልን።»

«እሰይ። ቢቸና ደህና ነው ማለት ነው።» ወደ ኢናስ ዞሩ። «ልጄ፣ ለእኔም ሁለት ሥር ብታስልኪልኝ? ጠርዙን በእሱ እሞክረው ነበር። የተረፈኝ ሁሉ ደክሟል፣ የሚያዝ አይመስለኝም።»

ኢናስ አፏን ከፈተች። «እሺ እማማ» የሚል ቃል ወጣ። እማማ ጥሩአየሁ መርቀዋት ሄዱ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቻዋን ወደ ረግረጉ ወረደች። ልቧ የደምለው በሬ እንዲሆን ይመኛል፤ ኮቴ ባየች፣ አንድ ኮቴ! ኮቴ አልነበረም። አራቱ ጉድጓዶች እርስ በርስ ተገናኝተው የክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ሆነዋል። በአንደኛው ጎን የአካፋው ስለት ቀጥ አድርጎ የቆረጠው አፈር አሁንም ይታያል። ያ ደረቅ ብሎ ለእግር የተመቸ ቦታ የረግረጉ ጠርዝ ነበር። ደረቅ ያደረገውም የቄጠማው ሥር ነበር፣ ልክ እንደ ቤቷ ኩሬ። እቤቷ ያን ሁሉ ሳምንት ስትደነቅበት የከረመችው ነገር እዚህ እሷው ያፈረሰችው ነው። አጥሩ ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

ዐርብ በእረፍት ሰዓት ለወይንእሸት ነገረቻት።

«እሑድ ልናገር ነው።»

«አብደሻል? እማማ ጥሩአየሁና እናቴ እኮ የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸው! በማርያም፣ እናቴ ከነነፍሴ ነው የምትቀብረኝ።» ወይንእሸት እጇን ይዛ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደቻት። «ስሚኝ። ሽማግሌው ይቀመጣል፣ ጋሽ ደምለውን ትንሽ ይቆጣል፣ እሳቸውም እሺ አጥሩን አጠብቃለሁ ይላሉ፣ ይታረቃሉ፣ አለቀ። ከአረፋ በኋላ ብትናገሪ ምን ይላል?»

«ባላደረጉት?»

«ማንም አይሞትም እኮ፣ ኢኑ!»

ኢናስ ይህንን እሷም አስባዋለች። ተናግራ ቄጠማውን እዚያው ኩሬዋ ላይ ማስቀረትም አስባለች። ግን ሰማዩን ስታየው ደመናው በየቀኑ ይወፍራል። አንድ ከባድ ዝናብ ቢጨመር ከረግረጉ የሚተርፍ ነገር የለም፣ ጠርዙን የሚይዝ ጠንካራ ሥር ያለው ደግሞ እሷ ጋ ነው። እሱን ካነሳችው የእሷ ጠርዝ ይናዳል፣ ጭቃው ይመለሳል፣ ግንበኛው ይመጣል፣ የአባባ ድንጋይ ትነሳለች። ከየትኛውም በኩል ብትጀምር መጨረሻው እዚያ ነው።

«ከተናገርሽ ስሜን እንዳታነሺ» አለች ወይንእሸት፣ ዓይኗን ሳታይ።

«አላነሳም።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በየፊናቸው ወደ ክፍል ገቡ። ከትምህርት ቤትም ለየብቻቸው ወጡ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት አባባ ሐምዱ ውዱእ አድርገው እስኪጨርሱ ኢናስ ጠበቀች። የመጨረሻው ውሃ በቦዩ ወርዶ ኩሬው ሲገባ አየች። ከዚያ አካፋውን አንስታ ጠርዙ ላይ ወረደችና የመጀመሪያውን ቄጠማ ከሥሩ ዙሪያውን መቁረጥ ጀመረች። እንቁራሪቱ ዘሎ ገባ።

«ኢናስ!» አሉ አባባ። «አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ምን እያደረግሽ ነው?»

ነገረቻቸው። የተቆረጠውን ቄጠማ ከመትከሏ ጀምሮ፣ ቅዳሜውን፣ አካፋውን፣ የቢቸናውን ውሸት፣ አንድ ሳታስቀር። የወይንእሸትን ስም ብቻ ዘለለች። አባባ ማን እንደሆነች እንደሚያውቁ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

አባባ ሐምዱ እርጥብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ጥሩአየሁ እዚህ ቆማ ሥር ስትለምንሽ እሺ አልሽ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ከፋኝ። እኔም ብሆን ግን ዑሙሰልማ መቼ ላከችው ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ። ኩሬሽን ስለወደድኩት ዝም አልኩ።» ከዘራቸውን ፈለጉ፣ አገኙት። «እኔ ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ ልሸመግል ነበር የምሄደው። አሁን ከአንቺ ጋር ከተከሳሽ ወገን ልቀመጥ ነው። በዚህ ዕድሜዬ!»

ኢናስ ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች። «ድንጋይዎን ያነሱታል» አለች። «ጠርዙ ከፈረሰ አባዬ ግንበኛውን ያመጣል።»

«አውቃለሁ። ያኛውንም ቁረጪ፣ ረፈደ።»

አራቱም ሥር ሳፋው ላይ ሲጫኑ መጀመሪያ ከወሰዷቸው ጊዜ ይልቅ ከብደዋል። ኢናስ ሳፋውን ራሷ ላይ አደረገች፤ ጭቃ ውሃው በጆሮዋ በኩል ይንጠባጠባል። አባባ ሐምዱ በግራ እጃቸው ትከሻዋን፣ በቀኛቸው ከዘራቸውን ይዘዋል። ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ። እነ ወይንእሸት በር ላይ ማንም አልነበረም።

ረግረጉ ጋ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከቅዳሴ የተመለሱ ሰዎችም ከኋላ ቆመዋል። ጋሽ ደምለው ዱላቸውን ተደግፈው በአንድ በኩል፣ እማማ ጥሩአየሁ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው በሌላ በኩል ናቸው። ሽማግሌዎቹ ለአባባ ሐምዱ ከመቀመጫቸው ተነሱላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ተሸክመሽ ነው?» አሉ እማማ ጥሩአየሁ። ሳፋው ውስጥ ያለውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ደረሰልሽ እንዴ? ከቢቸና?»

ኢናስ ሳፋውን አወረደች። የአባባ እጅ ከትከሻዋ አልተነሳም።

«የጋሽ ደምለው በሬ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። በአካፋ ቆፍሬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቢቸና የሚባለውም ውሸት ነው።»

«አላልኩም?» ጋሽ ደምለው ዱላቸውን መሬት ላይ ወረወሩት። «አላልኩም ወይ! ማልኩ እኮ! በሬዬ ከአጥሩ ወዲህ አላለፈም ብዬ ማልኩ እኮ! ስንት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነፈገችኝ!»

«ተቀመጥ ደምለው» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

የእማማ ጥሩአየሁ ዓይን ከኢናስ ላይ አልተነሳም፤ ኢናስም ያን ዓይን ማየት ከበዳት። «ሥር ስለምንሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «የራሴን ነበር የለመንኩሽ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከቢቸና ነው ያልኩት እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ወይንእሸት ከእናቷ አጠገብ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ነጠላዋን አውልቃ ለእናቷ ሰጠቻት፤ እናቷም ከመደንገጧ የተነሳ ተቀበለቻት። «ቆፍረን የወሰድነውም ሁለታችን ነን። ሐሳቡ የእኔ ነው።» ጫማዋንም አወለቀች። ከዚያ በላይ የምትለው ስላልነበራት መጥታ የሳፋውን አንዱን ጎን ያዘች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚሸመገል ነገር ምን እንደቀረ ለጊዜው ማንም አላወቀም። ኢናስና ወይንእሸት ሳፋውን ይዘው የተናደው ጠርዝ ውስጥ ወረዱ። ኢናስ አንዱን ሥር አንስታ፣ እቤቷ እንዳደረገችው፣ ቀጥ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመችው።

«እንዲህ አይደለም!» እማማ ጥሩአየሁ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ። «አጋድሚው። ሥሩን ወደ ውሃው መምጫ አድርገሽ አጋድሚውና አፈሩን በተረከዝሽ ምቺበት። እንዲያ ነው ጨምድዶ የሚይዘው። ማንም አላስተማራችሁም እንዴ?» ከእጇ ነጥቀው አሳዩዋት። «ደግሞ ታረቅን እንዳትይ። ተቀይሜሻለሁ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ደምለው! ቆመህ ከምታይ ድንጋይ አታቀብለንም?»

ጋሽ ደምለው ትንሽ ግራ ተጋቡ። ከዚያ ድንጋይ ሊለቅሙ ሄዱ። ሲመለሱ ስለ በሬያቸው አሁንም ያጉረመርማሉ፤ እማማ ጥሩአየሁም ካጎነበሱበት ቀና ሳይሉ «ይቅር በለኝ በቃ!» አሏቸው።

አራቱ ሥር ገብቶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ አፈሩ ሲመታ ቀኑ ተጋምሷል። ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦዩ መሮጡን ትቶ፣ ጠርዙ ጋ ደርሶ ቆም አለ። ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተንጣለለ። ኢናስ አራተኛውን ሥር አየችው። ከሥሩ ጎን አንዲት ትንሽ ቡቃያ ተገንጥላ ቆማለች፣ ጠርዙን የማትጠቅም፣ ለብቻዋ ያለች። ይቺን ልውሰዳት ማለት አማራት። እማማ ጥሩአየሁ አጠገቧ እጃቸውን ይታጠባሉ። ብትጠይቃቸው እንቢ የሚሉ አልመሰላትም።

አልጠየቀችም። ቡቃያዋን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ አፈር አለበሰቻት።

«ቄጠማ ከሥሩ ተከፍሎ የሚተከለው በነሐሴ ነው» አሉ እማማ ጥሩአየሁ፣ ጭቃውን እንጂ እሷን ሳያዩ። «በግንቦት የሚቆፍር የማያውቅ ሰው ነው።» ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ዳገቱን ሲወጡ ኢናስ ባዶውን ሳፋ በጎኗ ይዛለች። ወይንእሸት ከኋላ ከእናቷ ጋር ቀርታለች፤ የእናቷ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል፤ የወይንእሸት ግን አይሰማም።

«አባትሽ ኩሬውን እስካሁን አይቶታል» አሉ አባባ ሐምዱ።

«አዎ።»

«ምን ልትይው ነው?»

ኢናስ መልሱን ከረግረጉ ጀምሮ ስታወጣ ስታወርደው ነበር። ለአረፋ ወለሉ ያለ ቄጠማ ይቀራል፣ አክስቷም ትጠይቃለች። ውሃው ዛሬውኑ መራመጃው ላይ ይፈሳል። ሲሚንቶው ሱቁ ጀርባ ተደርድሯል።

«የሆነውን ሁሉ እነግረዋለሁ። ግንበኛውን አታምጣ አልለውም፣ እርስዎ እንዲወድቁ አልፈልግም» አለች። «ድንጋይዎን ብቻ እንዳይነካት እለምነዋለሁ።»

አባባ ሐምዱ ትንሽ ቆመው ተነፈሱ። ከዚያ እንደገና ትከሻዋን ያዙ፣ እሷም ለእጃቸው እንዲመች ትንሽ ዝቅ አለች፣ ዳገቱንም ተያያዙት።